ከጣሪያ ያስወረድኳቸው የውሃ ፕላስቲኮች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የሥራ ዘመን ትዝታቸውን የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ሠላሳ አርባ ዓመት ያገለገሉ፣ መንገድ ያስጠረጉ፣ ሆስፒታል ያስተዳደሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ያገለገልኩት ሰባት ዓመት እንኳ አይሞላም። ሥራዬም በጅጅጋና በአቅራቢያዋ ካሉ ከተሞች የመጠጥ ውሃ እየቀዳሁ፣ በሽታ የሚያመጣ ጀርም ያለበት መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር ነበር። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ሰናይት በመንግሥት መኪና እየዞረች ውሃ ትቀዳለች» ትል ነበር። ብዙም አልተሳሳተችም።

አሁን ሥራውን ለቅቄ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ እዚሁ ጅጅጋ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። የክፍሌ ልጆች «እትዬ ሰኒ» እያሉ ደብተሬን ይዋሱኛል፤ እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ መምህር ያለውን ሁሉ እጽፋለሁ። በቀደም የኬሚስትሪ መምህራችን ክፍሉን ለሁለት ከፈለና፣ ከፕላስቲክ ዕቃ ወደ ምግብና ውሃ የሚገባው እጅግ ጥቂት ኬሚካል ጤና ይጎዳል ወይስ አይጎዳም በሚል አከራከረን። ልጆቹ ከስልካቸው እያነበቡ ተጯጯሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ «ይጎዳል» ያሉት አሸነፉና ተጨበጨበላቸው። ሁልጊዜ እጄን ለማውጣት የምቸኩለው እኔ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። መምህሩ «ዛሬ ምን ነካሽ?» ሲለኝ ደብተሬን ከደንኩ። ይህንኑ ክርክር ቀብሪበያ በምትባል ከተማ በአንድ ቀን አሸንፌው እንደነበርና፣ ያ ድል አንዲት ሴት በእኔ ላይ የነበራትን እምነት እንዳሳጣኝ በክፍል ውስጥ እንዴት ይነገራል? ስለዚህ በጽሑፍ እሞክረዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በታኅሣሥ 2011 ነው። አባቴ ከጎጃም በውትድርና መጥቶ ጅጅጋ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ ሶማሊኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ገመድ እየዘለልኩ ተማርኩ። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ ስወጣ የውሃ ምርመራ ክፍሉ ሶማሊኛ የሚችል ቴክኒሻን ይፈልግ ነበር። ላቦራቶሪው ከዕቃ ግምጃ ቤት ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልልም።

ኃላፊዬ አቶ ዘውዱ ይባላሉ። ለሁለት ዓመት ተመድበው ከደሴ መጥተው ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ማንኛውንም ዕቃ ሲያነሡ መጀመሪያ ገልብጠው ሥሩን ያያሉ። ብርጭቆ፣ ጀሪካን፣ የሻይ ቤት ዱካ ሳይቀር ይገለብጣሉ። አንድ ጊዜ የባልደረባችን ሠርግ ላይ የተሰጣቸውን ባዶ ሳህን ሲገለብጡ የሙሽራው አባት፣ «አቶ ዘውዱ፣ ምግቡ የሚደረገው በዚያኛው በኩል ነው» ብሏቸው አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። «ዕቃ የሚዋሸው በፊቱ ነው፤ ሥሩን ማን አየው ብሎ አይዋሽም» አሉ።

ሌላው ልማዳቸው ደብተራቸው ነበር። በእርሳስ ብቻ ነው የሚጽፉት። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሦስት ይከፍሉታል፤ «ያየሁት»፣ «የሰማሁት»፣ «የማላውቀው»። ከሦስቱ ሰፊው የመጨረሻው ነበር። ያኔ ይህ ለእኔ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ናሙና የቀዳሁት ጅጅጋ ገበያው አጠገብ ካለ የሕዝብ ቧንቧ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የቧንቧውን አፍ ትጠርጊያለሽ፤ አልኮል የነካ ጥጥ ለኩሰሽ አፉን በእሳት ታስነኪያለሽ፤ ውሃው ጥቂት እንዲፈስ ትተዪዋለሽ፤ ከዚያ የተቀቀለውን ጠርሙስ ከፍተሽ፣ ክዳኑን መሬት ሳታስቀምጪ፣ በትንሿ ጣትሽ ወደ ታች አድርገሽ ይዘሽ ትቀጂያለሽ። እኔ ክዳኑን ስይዝ አውራ ጣቴ ውስጡን ነካው።

«ሰናይት» አሉኝ አቶ ዘውዱ፣ «ይህ የቧንቧው ውሃ አይደለም። የእጅሽ ውሃ ነው። ድፊው።»

ደፋሁት። ሁለተኛውንም አስደፉኝ። ሦስተኛውንም። ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ተሰላቹ። አንዷ በሶማሊኛ «ይህ ሽማግሌ ልጅቷን የሚቀጣት ምን አጥፍታ ነው? ውሃውንስ ለምን ይደፋዋል?» አለች። አቶ ዘውዱ ዞር ብለው በጠራ ሶማሊኛ «እሷን ስቀጣት እናንተ እንዳትቀጡ ነው» ሲሏት ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። አራተኛውን ተቀበሉኝ።

የቀዳሁትን ውሃ በበረዶ ሣጥን ይዤ ተመልሼ፣ በስስ ነጭ ማጥሪያ አሳልፌ፣ ማጥሪያውን ሮዝ ፈሳሽ በጠጣ ጨርቅ ላይ አስተኝቼ፣ በትንሽ ክብ ዕቃ ዘግቼ ማሞቂያው ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት ቢጫ ነጥብ ከሌለ ውሃው ደህና ነው። ቢጫ ነጥብ ካለ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ከሰው ወይም ከእንስሳ ዓይነ ምድር የመጣ ጀርም ናት። ያ ጠዋት አሁንም ይናፍቀኛል። አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እኔ ክዳኑን ይዤ እንቆማለን። «ክፈቺው፤ ውሃው አይነክስሽም» ይሉኛል። ቢጫው ሲታይ ግን እርሳሳቸውን ያነሣሉ።

ከዚያ ደገሀቡር ለአንድ ዓመት ተመደብኩ። የዚያ አለቃዬ ቁጥር የማይወድ ሰው ነበር። ውጤት ሳመጣለት «ደህና ነው ብለሽ ጻፊ፤ ሰው አታስጨንቂ» ይለኝ ነበር። እኔም ሰው ሲከፋ ስለማልወድ ቃላቱን አለስልስለት ነበር፤ ቁጥሩን ግን አልነካሁም። ከዚያ ዓመት የማስታውሰው ሌላው ሰው ሾፌራችን ጉሌድ ነው። ከጅጅጋ ደገሀቡር ስንመላለስ የሚጠጣውን ውሃ በፕላስቲኩ እንዳለ ከመኪናው የፊት መስታወት ሥር ያስቀምጠዋል። ከቀትር በኋላ ውሃው ሻይ የሚፈላበት ይመስላል፤ እሱ ግን ግጥም ያደርገዋል።

በ2014 ወደ ጅጅጋ ተመልሼ ቀብሪበያን እንድከታተል ተሰጠኝ። ከጅጅጋ ብዙም አይርቅም፤ ጠዋት ሄደን ከሰዓት እንመለሳለን። እኔ የምከታተለው ሰፈር ቧንቧ አልገባለትም ነበር። ሰዉ የሚጠጣው ቢርካ ከሚባለው፣ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ ከተለሰነው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ውሃ ማከሚያ ክሎሪን አንድ ወር ይመጣል፣ ሦስት ወር ይጠፋል። አፍልቶ ለመጠጣት ደግሞ ከሰል የለም፤ ያለው ለምግብ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን በፀሐይ ማከምን እንድናስተምር ላከን። ውሃው በነጠላ ይጠለላል፤ ንጹሕ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ይሞላል፤ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይተኛል። ፀሐዩ ጀርሙን ይገድለዋል። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ፀሐይ አያልፍበትም። ያንን የምናውቀው ፕላስቲኩን የተጻፈ ወረቀት ላይ አቁመን ከላይ በአፉ ቁልቁል በማየት ነው። ጽሑፉ ከተነበበ ውሃው ለጣሪያ ደርሷል።

ወረቀት የያዘችልኝ የመጀመሪያዋ ሴት ኤዶ ሩቂያ ናት። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው። በሶማሊኛ አንቱታ የለም፤ አክብሮቱ «ኤዶ» የሚለው ቃል ውስጥ ስላለ እዚህም እንደዚያው እጽፋታለሁ። የግመል ወተት ነጋዴ ናት፤ ሃምሳን ያለፈች፣ ስትራመድ መሬቱን የምታዝዘው የምትመስል ሴት። ማንበብ አትችልም። የቆመውን ፕላስቲክ ቁልቁል አየችና «ጉንዳኖች ይታዩኛል» አለች።

«ጉንዳኖቹ ፊደሎች ናቸው ኤዶ። እግራቸው ከታየሽ በቂ ነው።»

«እግራቸውን ልቆጥርልሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ውሃ ደርሷል ለማለት «ጉንዳኑ እግር አወጣ» ይሉ ነበር።

ፕላስቲኩን የምታመጣው ከሠርግ ነው። ጅጅጋ ሠርግ ባለ ቁጥር ወተቷን ሸጣ፣ አዳራሹ ደጃፍ ጠብቃ፣ ባዶዎቹን በጆንያ ሞልታ በሚኒባስ ይዛ ትመለስና ለሰፈሩ ታድላለች። «የማን ሠርግ ናት ይህቺ?» ብዬ አንዱን ሳነሳ የሙሽሮቹን ስም እስከ አያታቸው ትነግረኛለች። ከጥቂት ወራት በኋላ የእሷ ረድፍ ሠላሳ ያህል ቤት ጣሪያው ሁሉ ሲያንጸባርቅ ከዋናው መንገድ ይታይ ነበር። ከጣሪያዋ ወስጄ ያሳደርኩትን ውሃ ጠዋት ስከፍተው አንድም ቢጫ ነጥብ የለበትም። አቶ ዘውዱ «ያየሁት» በሚለው ሥር ጻፉት። በነሐሴ ልጇ ወለደች፤ ሕፃኗ ሂባ ተባለች። ኤዶ ሩቂያ ሕፃኗን ታቅፌያት ሳለሁ «ይህቺ በአንቺ ውሃ ነው የምታድገው አባዮ» አለችኝ። አባዮ እህቴ እንደማለት ነው። ያን ቀን ወደ ጅጅጋ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ፈገግ እያልኩ ነበር።

በየካቲት 2015 ለውሃና ለጤና ባለሙያዎች ጅጅጋ ላይ ሥልጠና ተሰጠ። አቶ ዘውዱ የእህታቸው ለቅሶ ላይ ደሴ ስለነበሩ ብቻዬን ተካፈልኩ። ያሠለጠነን ዶክተር ኢድሪስ የተባለ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በትልቁ የቢሮ ውሃ ጋን፣ ያ ሰማያዊ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ እያሳየ፣ ከአንዳንድ ጠንካራ ፕላስቲኮች ሙቀት ሲያገኛቸው የሰውን ሆርሞን የሚመስል ኬሚካል ወደ ውሃው እንደሚወጣ አስረዳን።

አንድ ተሳታፊ «ግን እጅግ ጥቂት አይደለም?» አለው።

«ጥቂት ነው። ግን ሰውነታችን ራሱ በሆርሞን የሚታዘዘው በእጅግ ጥቂቱ ነው» አለ። «ሕፃን ደግሞ ከእኛ ያነሰ አካል አላት፤ እያደገችም ነው።»

እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። የደብተሬ ገጽ አሁንም አለ። «ፕላስቲክ፣ ፀሐይ፣ ሕፃን፣ ሆርሞን» ብዬ በትልቁ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ኢድሪስ ስለ ፕላስቲክ ዓይነቶች ልዩነትና ሳይንቲስቶች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ እንዳልተስማሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሮ ነበር። ያንን አልጻፍኩም። ሂባን እያሰብኩ ነበር። በልቤ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አቶ ዘውዱ ሲመለሱ «ከእርስዎ ቀድሜ ደረስኩበት» ለማለት ቸኩዬ ነበር።

በማግሥቱ ጉሌድን ይዤ ወደ ቀብሪበያ ሄድኩ። መንገድ ላይ የሰማሁትን ስነግረው ከመስታወቱ ሥር ያለውን ውሃ አንሥቶ አየው። «ሃያ ዓመት ይህንን ጠጥቻለሁ። ስምንት ልጆች አሉኝ። ሆርሞኔ ምን ጎደለው?» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ቤት ለቤት እየዞርኩ ፕላስቲኩን አስወረድኩ። ሴቶቹ ከኤዶ ሩቂያ በቀር አንዳቸውም አልጠየቁኝም፤ እኔ ካልኩ ብለው ነው። እሷ መሰላሉ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ቆመች።

«አንቺ ነሽ ያስወጣሽው። አሁን ደግሞ አውርጂ ትያለሽ። እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ ኤዶ።»

«ታዲያ ምን እንጠጣ?»

«ክሎሪን ይመጣል። በቅርቡ ይመጣል።»

ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። ደስ እንዲላት ብዬ ነው ያልኩት። ኤዶ ሩቂያ «ሀዬ»፣ እሺ፣ ብላ ጣሪያው ላይ ወጥታ አሥራ ሁለቱን ፕላስቲኮች አንድ በአንድ አቀበለችኝ።

ክሎሪኑ አልመጣም። የመጣው ዝናቡ ነው። ረመዳን ላይ ለቀናት ሳያባራ ዘነበ፤ ከግጦሹ የተጠረገው ሁሉ ወደ ቢርካው ገባ። በሚያዝያ መጀመሪያ ስልኬ ጮኸ። ኤዶ ሩቂያ ናት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ሂባ ዓይኗ ገብቷል» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ሕፃኗ ጉሉኮስ ተሰክቶላት ነበር። የስምንት ወር ልጅ ናት፤ ጉንጮቿ ጠፍተው ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። እናቷ በጨርቅ ከንፈሯን ታረጥባለች። ነርሷ ተቅማጥ ይዟቸው ከዚያው ረድፍ ከመጡት ሰባተኛዋ መሆኗን ነገረችኝ። ኤዶ ሩቂያ በበሩ በኩል ቆማ ነበር። አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን መለሰች። ከቤቷ እንስራና ከቢርካው ናሙና ቀዳሁ። ጣቴ የክዳኑን ውስጥ ስለነካው የመጀመሪያውን ራሴ ደፋሁት።

አቶ ዘውዱ ተመልሰው ነበር። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ነጭ የነበረው ማጥሪያ ቢጫ ሆኗል፤ ነጥቡ የሚቆጠር አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ደብተሬን ጠይቀው ያቺን ያሰመርኩባትን ገጽ ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ገልብጠው ሥሩን አሳዩኝ። በትንሽ ሦስት ማዕዘን ውስጥ «1» ይላል። ይዘውኝ አለቃችን ቢሮ ገቡና ትልቁን የውሃ ጋን አጋድመው ሥሩን አሳዩኝ። «7» ይላል።

«ቁጥሩ የሚለየው የፕላስቲኩ ዓይነት ስለሚለይ ነው» አሉኝ። «ያሠለጠናችሁ ልጅ የነገራችሁ ስለዚህኛው ነው። አንቺ ያወረድሽው ያንኛውን ነው።»

«ሂባ የታመመችው በእኔ ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «በአንድ ልጅ እኔም አንቺም አናረጋግጥም። ከእንስራው ይሆናል፣ ከእጅም ይሆናል» አሉ። «ግን ወደዚያ ሄደሽ ይህን ማስተባበያ እንዳትናገሪ። ያጠፋሽውን ብቻ ተናገሪ።»

ሂባ በአምስተኛው ቀን አገግማ ወጣች። እኔም ሄጄ፣ በረድፉ ሴቶች ፊት፣ የተሳሳትኩትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሌሎቹ «አላህ ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። ኤዶ ሩቂያ ግን «ታዲያ ፕላስቲኩ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» አለችኝ።

«የዚህኛው ጉዳት ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው ይላሉ። ግን ሙሉ በሙሉ... አላውቅም።»

«አባዮ» አለች፤ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ያዘንኩብሽ ስላስወረድሽኝ አይደለም። እርግጠኛ ነኝ ስላልሽኝ ነው። ያን ቀን አላውቅም ብትዪኝ ኖሮ እኔ ራሴ አስብበት ነበር። ማሰቤን ነው የወሰድሽብኝ።»

ተነሥታ ገባች። ሌሎቹም ተከትለዋት ገቡ። ፕላስቲኮቹ ግቢ ጥግ በጆንያ ታስረው ቀሩ።

ዶክተር ኢድሪስ የሆነውን ሲሰማ ራሱ ወደ ላቦራቶሪያችን መጣ። በጣም አፍሮ ነበር፤ እኔን ከመውቀስ ይልቅ «በደንብ አላስረዳሁም» ይል ነበር። ጣሪያ ላይ ከዋሉ ፕላስቲኮች ውሃ ወስዶ ኬሚካሉ እንዲለካ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱ ከወራት በኋላ ሲመጣ ሦስታችን ወረቀቱን ከበብነው። የሚለው «ከመሣሪያው የመለካት አቅም በታች» ነው።

አቶ ዘውዱ ፊታቸው በራ። «ይኸው! ጨው እንኳ ከበዛ ይገድላል፤ ይህ ግን ያለ እንኳ የማይመስል ነገር ነው።»

«አልተለካም ማለት የለም ማለት አይደለም ጋሼ» አለ ዶክተር ኢድሪስ። «ጠብታዋ በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ለሕፃን ስትሰጥ ምን እንደምታደርግ ይህ ወረቀት አይናገርም። በዚህ ላይ ትልልቆቹ ሳይንቲስቶችም ይጣላሉ።»

«እነሱ እስኪታረቁ ሂባ ምን ትጠጣ?»

«እሱን አላልኩም!»

«ምን አልክ ታዲያ?»

ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር። ጉሌድ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ውሃ ላምጣላችሁ? በብርጭቆ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ክርክሩም ረገበ። አቶ ዘውዱ እርሳሳቸውን አንሥተው ደብተራቸውን ዘረጉ፤ በየትኛው ሥር እንደሚጽፉት አመነቱ። «ያየሁት» ላይ ቢጫውን ነጥብ አሰፈሩ። የወረቀቱን ውጤት ግን፣ ከብዙ ማሰብ በኋላ፣ «የማላውቀው» ሥር ጻፉት። ዶክተር ኢድሪስ አይቶ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

«እውነቱን ንገረኝ» አሉት አቶ ዘውዱ። «ልጅህ ቀብሪበያ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«ቀብሪበያ ብትሆን ጣሪያ ላይ አወጣው ነበር። ከሰል ባለበት ጅጅጋ ብትሆን ግን አፈላው ነበር።»

ሁለት ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሳይስማሙ በአንድ ሥራ ላይ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። የተቧጨረና ያረጀ ፕላስቲክ ይለወጥ፤ ውሃው ማምሻውን ወርዶ ይቀዝቅዝ፤ ለሳምንታት ፀሐይ ላይ አይክረም፤ ክሎሪን ባለ ጊዜ ክሎሪን ይቅደም። የሚታወቀው አደጋ ካልታወቀው በፊት ይያዝ።

ነገር ግን ይህን ለኤዶ ሩቂያ ማን ይንገራት? ሕፃናቱ ከታመሙ በኋላ ጤና ጣቢያው ያደለው ጥቂት ክሎሪን አልቋል። እሷ ለሂባ ብቻ ከሰል እየቆጠበች ታፈላለች፤ ሌላው ቤተሰብ የቢርካውን ይጠጣል። እሷ ጣሪያ ካልወጣች ረድፉ አይወጣም። ሄጄ ልለምናት ስል አቶ ዘውዱ «ቤትሽ የምትጠጪው ምንድን ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። እኛ ቤት የምንጠጣው የፈላ ውሃ ነው። ሌሎችን ጣሪያ ያስወጣሁት፣ ከዚያ ያስወረድኩት፣ እኔ አንዲት ቀን ሳልጠጣው ነው።

በዚያው ሳምንት ስድስት ፕላስቲክ አጥቤ የእኛ ቤት ቆርቆሮ ላይ አስተኛሁ። እናቴ «ጭራሽ ውሃን እንደ በርበሬ ታሰጪ ጀመር?» አለች። ለእሷ እያፈላሁ፣ እኔ የጣሪያውን እጠጣ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለቀብሪበያም እንዲነገር አላሰብኩም። ለራሴ ነበር።

ወራት አለፉ። በጥር 2016 አንድ እሑድ ልብስ ሳጥብ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ኤዶ ሩቂያ ጆንያዋን ይዛ ቆማለች። እኛ ሰፈር ሠርግ ነበረ፤ ባዶ ፕላስቲክ ለወተት መስፈሪያዋ ልትለቅም መጥታ፣ ጉሌድ ቤቴን አሳይቷታል። ሰላም ብላኝ ገና ሳትቀመጥ ዓይኗ ወደ ጣሪያው ሄደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ወራት አልፈውታል» አልኳት።

አንዱን እንዳወርድላት በእጇ አሳየችኝ። አወረድኩላት። ገልብጣ ሥሩን አየች፤ ይህን ከማን እንደተማረችው አላውቅም፤ ምናልባት አቶ ዘውዱን አይታ ይሆናል። ከፍታ ጠጣች። አፏን በሻሿ ጠረገች። ስለ ውሃው አንድ ቃል ሳትናገር ስለ ሂባ አወራችኝ፤ መራመድ ጀምራ የወተት እንስራ ገልብጣባታለች። ስትወጣ ጆንያውን አንሥቼ ሸኘኋት። በቀጣዩ ሳምንት ወደ ቀብሪበያ ስንሄድ ጉሌድ መንገዱ ላይ መኪናውን አቀዘቀዘ። «አየሽ?» አለኝ። ከሩቅ አንድ ጣሪያ ያንጸባርቃል። ወር ሳይሞላ ረድፉ በሙሉ ማንጸባረቅ ጀመረ።

አቶ ዘውዱ በዚያው ዓመት ሰኔ ጡረታ ወጡ። በሽኝቱ ላይ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ ተቀብለው መጀመሪያ ጀርባውን አገላብጠው አዩት፤ አዳራሹም ይህንን ስለሚጠብቅ አጨበጨበ። እኔም ከዓመት በኋላ ለቀቅኩ። የለቀቅኩት ጠልቼው አይደለም። «የማላውቀው» የሚለው የደብተራቸው ሦስተኛ ዓምድ ስፋት ነው ወደ ትምህርት የመለሰኝ።

ከመልቀቄ በፊት ለኤዶ ሩቂያ ሰፈር ቧንቧ ገባ። ውሃውን መርምሬ ንጹሕ መሆኑን ይዤላት ሄድኩ። ሂባ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የቧንቧውን አፍ በአፏ ልትይዝ ትታገላለች። ኤዶ ሩቂያ መሰላሉን አቆመች፤ ፕላስቲኮቹን እሷ ከላይ ሆና እያቀበለችኝ እኔ ከታች ተቀበልኩ። የመጨረሻዋን ስትሰጠኝ እጇን ሳትለቅ ያዘቻት።

«አሁን ሥራሽን ልትለቂ ነው። ንገሪኝ እስቲ፤ ይህ ፕላስቲክ ጎድቶናል ወይስ አልጎዳንም?»

«እሱን አላውቅም ኤዶ። የሚያውቅም ገና አላገኘሁም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሳቀችና ፕላስቲኳን ለቀቀችልኝ። ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።